አንድ መንግሥት ስለ ሌላ አገር እስረኛ የሚናገረው እንዴት ነው?

ኦገስት 2018 ላይ የካናዳ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ትዊተር ላይ አጭር መልእክት ለቀቀ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሳዑዲ አረቢያ ውስጥ የሴቶች መብት ተሟጋቾች መታሰራቸው በእጅጉ እንደሚያሳስበው ገለጸ። ሳማር በዳዊን በስም ጠራ። ባስቸኳይ ይፈቱ አለ። ሪያድ ያለው የካናዳ ኤምባሲ ደግሞ ሁለት ቀን ቆይቶ ያንኑ መልእክት በአረብኛ አወጣው።

ሳዑዲዎች የካናዳን አምባሳደር በ24 ሰዓት ውስጥ ውጣ አሉት። የራሳቸውንም አምባሳደር ወደ አገሩ ጠሩ። አዲስ ንግድና ኢንቨስትመንት አገዱ፣ የሳዑዲ አየር መንገድ ወደ ቶሮንቶ መብረሩን አቆመ፣ በመንግሥት ወጪ ካናዳ ውስጥ ይማሩ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችም ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ሌላ አገር እንዲዛወሩ ታዘዙ። ሁለቱ አገሮች እንደገና አምባሳደር ለመላላክ የተስማሙት ሜይ 2023 ላይ ነው። አምስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው።

ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ መናገሩ ምን ጠቀመ?» ቢል አይፈረድበትም። ግን መልሱን ለማግኘት መንግሥታት ስለ ሰብዓዊ መብት እርስ በርስ የሚነጋገሩት በምን በምን መንገድ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ዜና ላይ የምናየው መግለጫ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ የሚሠራው በር ተዘግቶ ነው። እኔ በሩ መዘጋቱን አልቃወምም፤ የምቃወመው ከበሩ ጀርባ ምንም ሳይሠራ «በዝምታ እየሠራን ነው» ሲባል ነው።

መጀመሪያ አንድ ልዩነት እንያዝ። የታሰረው ሰው የኤምባሲው አገር ዜጋ ከሆነ ጉዳዩ በሕግ የተደገፈ ነው። በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት መሠረት የኤምባሲው ሰዎች እስረኛውን የመጎብኘትና ጠበቃ እንዲያገኝ የመርዳት መብት አላቸው። ሳማር በዳዊ ግን ሳዑዲያዊት ናት። ወንድሟ ራይፍም ሳዑዲያዊ ነው፤ በድረ ገጽ በጻፈው ምክንያት አሥር ዓመት እስራትና አንድ ሺህ ግርፋት የተፈረደበት። ሚስቱና ልጆቹ ካናዳ ስላሉ ካናዳ ጉዳዩን ደጋግማ አንስታለች፣ ግን እስር ቤቱን አንኳኩታ የመግባት መብት አልነበራትም። ለሌላ አገር ዜጋ የሚቀረው መሣሪያ ንግግርና ጥቅም ብቻ ነው።

«የውስጥ ጉዳያችን ነው» የሚለው መልስስ? የተመድ ቻርተርም ሆነ የ1961ዱ የቪየና የዲፕሎማሲ ስምምነት በእርግጥ ጣልቃ ገብነትን ይከለክላሉ። በሌላ በኩል አገሮቹ ራሳቸው ፈቅደው የፈረሟቸው ስምምነቶች አሉ። ሳዑዲ የፀረ ስቃይ ስምምነትን በ1997 ተቀብላለች። ኢትዮጵያም የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ስምምነትን ከ1993 ጀምሮ ተቀብላለች። ፈርመህ የገባህበትን ውል ሌላው ፈራሚ ቢያስታውስህ ደፈረኝ ማለት አትችልም። በ1993 ቪየና ላይ በተደረገው የዓለም ጉባኤም መንግሥታቱ የሰብዓዊ መብት ጉዳይ የዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ተገቢ ጉዳይ ነው ብለው ተስማምተዋል።

አሁን ወደ ተዘጋው በር እንግባ።

ብዙ ኤምባሲዎች ውስጥ የፖለቲካ ጉዳይ የሚከታተል ዲፕሎማት አለ። ጠበቆችን ያገኛል፣ ከታሳሪ ቤተሰብ ጋር ቡና ይጠጣል፣ የችሎት ቀጠሮ ይመዘግባል። የሰማውን ጽፎ ወደ ዋና ከተማው ይልካል። ጉዳዩ ይነሳ ከተባለ መመሪያ ይመጣለታል፤ ምን እንደሚባል ነጥብ በነጥብ የተጻፈበት። ከዚያ አምባሳደሩ ወይም ምክትሉ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቀጠሮ ይይዛል። ሄዶ ስለ ንግዱ ያወራል፣ ስለ ቀጣዩ ጉብኝት ያወራል፣ በመጨረሻ «አንድ ጉዳይ ላነሳ» ብሎ ስሙን ይጠራል። አንዳንዴ ፊርማም ማኅተምም የሌለው ወረቀት ትቶ ይወጣል። ፊርማ የሌለው በማንም ላይ ማስረጃ እንዳይሆን ነው። ተቀባዩ ባለሥልጣን ማስታወሻ ይይዝና አብዛኛውን ጊዜ «ጉዳዩ በፍርድ ቤት የተያዘ ነው፣ ፍርድ ቤታችን ነፃ ነው» ይላል። ይህ መልስ በየትኛውም አህጉር አንድ ዓይነት ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ከስድስት ወር በኋላ ሚኒስትሩ ለጉብኝት ሲመጣ ያ ስም በፋይሉ ውስጥ አለ። ሲደጋገም፣ ባለሥልጣኑ እስረኛውን መያዝ ራስ ምታት እየሆነበት ይሄዳል። ተስፋው ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንጀቴን የሚበላኝን ነገር ልናገር። ሚኒስትሩ ይዞት የሚገባው ዝርዝር መቶ ስም አይችልም። ምናልባት አምስት፣ ቢበዛ አሥር ነው። ማን ይገባል? ውጭ አገር ዘመድ ያለው ይገባል፣ ጋዜጠኛ ይገባል፣ ስሙ በሽልማት የታወቀ ይገባል። ከገጠር ታፍሶ የመጣ ገበሬ፣ ቤተሰቡ የት እንደታሰረ እንኳ የማያውቀው ልጅ፣ ስማቸው ለየትኛውም ኤምባሲ ስላልደረሰ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። በዝምታ የሚሠራው ዲፕሎማሲ ለማን ይሠራል ሲባል ይህንን አለመናገር አይቻልም።

ይሠራል ወይ? ስዊድን ሁለት ታሪክ አላት፤ ሁለቱንም ብዙዎቻችሁ ታስታውሷቸዋላችሁ።

ጁላይ 2011 ላይ ማርቲን ሺቢዬና ዮሐን ፔርሶን የተባሉ ሁለት ስዊድናዊ ጋዜጠኞች ከሶማሊያ በኩል ድንበር አቋርጠው ኦጋዴን ውስጥ በኢትዮጵያ ጦር ተያዙ። ዲሴምበር ላይ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ዓመት ተፈረደባቸው። ይግባኝ ማለቱን ተዉትና የይቅርታ ጥያቄ አቀረቡ። ስቶክሆልምም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲደራደር ቆየ። ሴፕቴምበር 2012 ላይ፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በይቅርታ ወጡ።

ዳዊት ይስሐቅ ደግሞ የስዊድንም የኤርትራም ዜግነት ያለው ጋዜጠኛ ነው፤ የሰቲት ጋዜጣ ባልደረባ። ሴፕቴምበር 2001 ላይ አስመራ ውስጥ ተያዘ። ክስ አልተመሠረተበትም፣ ፍርድ ቤት አልቀረበም። በ2005 ለሁለት ቀን ያህል ተለቅቆ ተመልሶ ታሰረ። ስዊድን ለእርሱም የመረጠችው ዝምታውን ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ አንድም ፍሬ ሳይታይበት። ኋላ ላይ ስዊድን ውስጥ ግፊቱ ሲበረታ መንግሥት የራሱን አሠራር የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋመ፤ ኮሚሽኑም በ2022 ሪፖርቱን አወጣ።

አንድ አገር፣ አንድ ዘዴ፣ ሁለት ውጤት። ልዩነቱ ከወዲያኛው ወገን ነው። አዲስ አበባ በጊዜው ከምዕራቡ የምትፈልገው ብዙ ነገር ነበራት። በዚያ ላይ ፊት ሳይቀላ መውጫ የሚሆን መንገድ ነበር፤ ይቅርታ። ተፈረደባቸው፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ መንግሥት ማረ፤ ሁሉም ክብሩን ይዞ ወጣ። አስመራ ግን ከስዊድን የምትፈልገው እምብዛም የለም፣ ዳዊትን የምታየው እንደ ራሷ ዜጋ ብቻ ነው፣ ፍርድ በሌለበት ደግሞ ይቅርታ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ አንድ መንግሥት «በዝምታ ነው የምንሠራው» ሲላችሁ ጠይቁ፦ ያኛው ወገን ከናንተ ምን ይፈልጋል? በምን በኩል ነው ክብሩን ይዞ የሚወጣው? ይህን ያህል ጊዜ ሞክራችሁ ካልሠራስ ቀጥሎ ምን ታደርጋላችሁ? ለሦስቱም መልስ ከሌለ ዝምታው ዝምታ ብቻ ነው።

የመሪዎች ጉብኝት ከሁሉ የሚበልጥ አጋጣሚ ነው። ጁላይ 2015 ላይ ፕሬዚዳንት ኦባማ አዲስ አበባ ሊገቡ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙ ከእስር ወጣች፣ ከዞን ዘጠኝ ጋር ከታሰሩት ጦማሪያንና ጋዜጠኞችም አምስቱ ተለቀቁ። ቀኑ በአጋጣሚ የተገጣጠመ ነው ብሎ ያመነ ሰው አላውቅም። ግን ጉብኝት በሁለት በኩል ይቆርጣል። ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ የፓርላማውን 547 መቀመጫ ሁሉ በወሰዱበት ምርጫ ማግስት ኦባማ መንግሥቱን በዴሞክራሲያዊ መንገድ የተመረጠ ሲሉ ጠሩት። ያቺ አንዲት አነጋገር ለስንት ሰው ምን እንዳለች በጊዜው የነበረ ያውቀዋል። ስድስት ሰው በጓዳ አስፈትቶ በአደባባይ ሌላውን ሁሉ መሸለም ለእኔ ከባድ ስሕተት ነው።

ዝምታና መግለጫ መካከል ያለ አንድ መንገድ ደግሞ አለ፤ መታየት። ማርች 2021 ላይ ቤጂንግ ውስጥ የካናዳዊው ማይክል ኮቭሪግ ችሎት በዝግ ሲካሄድ የ26 አገሮች 28 ዲፕሎማቶች ለመግባት ሞክረው ተከለከሉ። ከደጅ ቆሙ። ምንም አላሉም ማለት ይቻላል፣ ግን ፎቶው ዓለምን ዞረ። ይህን አትናቁት። የታሳሪ ቤተሰብ ችሎት በር ላይ የኤምባሲ መኪና ሲያይ የሚሰማውን እፎይታ፣ ዳኛውም አቃቤ ሕጉም ሰው እያየን ነው ብለው የሚያስቡትን፣ የትኛውም መግለጫ አይተካውም።

ሌላው መንገድ የዚያን አገር አምባሳደር ጠርቶ ማነጋገር ነው። ዜና ላይ «ለማብራሪያ ተጠሩ» የሚባለው። ያን ያህል አይከብድም፣ ቁጣን በይፋ ማሳያ ነው።

አሁን ጄኔቫ። የተመድ የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት 47 አባላት አሉት። በዚያ በየአራት ዓመት ተኩል ገደማ እያንዳንዱ አገር በሌሎቹ ይገመገማል። ለአንድ አገር የሚሰጠው ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ተናጋሪው ስለሚበዛ ለአንዱ የሚደርሰው ከአንድ ደቂቃ እስከ ሁለት ደቂቃ ነው። ተናጋሪዎቹ «ይህን ሕግ አሻሽሉ፣ ያንን ስምምነት ተቀበሉ» ይላሉ፤ ተገምጋሚው ደግሞ ተቀብያለሁ ወይም ሰምቻለሁ ይላል። ሰምቻለሁ ማለት አልቀበልም ማለት ነው፣ በጨዋ ቋንቋ። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ግምገማ ኖቬምበር 2024 ላይ ነበር። አሰልቺ ሊመስል ይችላል፣ ግን ተቀብያለሁ የተባለው ሁሉ በጽሑፍ ይቀራል። በአገር ውስጥ ያለ ጠበቃ ወይም ማኅበር «ጄኔቫ ላይ እሺ ብላችኋል» ብሎ ሊሟገትበት ይችላል። የውጭ ሰው ከሚናገረው ይልቅ ይህ ይበልጥ ያስጨንቃል።

ከዚያው ከጄኔቫ የሚወጣ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ መንገድ ደብዳቤ ነው። ልዩ ራፖርተር የሚባሉ ነፃ ባለሙያዎች ለመንግሥታት ይጽፋሉ፣ መንግሥቱ 60 ቀን ይሰጠዋል፣ ከዚያ ደብዳቤው ይፋ ይሆናል። ኦክቶበር 2022 ላይ ለሳዑዲ አንድ ደብዳቤ ተጻፈ። በየመን ድንበር ላይ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 2022 ባለው ጊዜ ብቻ እስከ 430 የሚደርሱ ስደተኞች በመድፍና በጥይት ተገድለዋል የሚል ክስ የያዘ። በዚያ መስመር የሚጓዙት አብዛኞቹ የእኛ ልጆች ናቸው። ሳዑዲ ክሱን አልተቀበለችም። ደብዳቤው ወጣ፣ ማንም ብዙ አላለም። ዓለም የጮኸው ኦገስት 2023 ላይ ሂዩማን ራይትስ ዎች የተረፉትን አነጋግሮ ዝርዝር ሪፖርት ሲያወጣ ነው።

የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም በዚያን ሰሞን መግለጫ ሰጠ። ከሳዑዲ ባለሥልጣናት ጋር ሆኖ እንደሚመረምር፣ የሁለቱ አገሮች ግንኙነት መልካም እንደሆነ፣ ምርመራው እስኪያልቅ ሰው ከግምት እንዲቆጠብ ነገረን። ሳዑዲ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዜጋ አለ፣ ከእስር ቤትና ከማቆያ የሚመለሰው ወገን በሪያድ በጎ ፈቃድ ነው የሚሳፈረው። ስሌቱ ይገባኛል። ካናዳ ላይ የደረሰው ሲታሰብ ደግሞ የበለጠ ይገባል። ግን ልጃቸው ከዚያ ተራራ ላይ የቀረባቸው የራያ፣ የጅማ፣ የሐረርጌ እናቶች ያ ምርመራ ምን እንዳገኘ የመስማት መብት አላቸው። «ለሥራው ሲባል በዝምታ» የሚለው ለዓመታት ሊያገለግል አይችልም።

ስለ ማዕቀብ አጠር አድርጌ ልለፍ። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ግለሰብ ላይ የሚጣል ነው፤ ቪዛ መከልከል፣ ገንዘብ ማገድ። አሜሪካ ከ2016 ጀምሮ ለዚህ ሕግ አላት፣ የአውሮፓ ኅብረት ዲሴምበር 2020 ላይ የራሱን አወጣ። ሳዑዲያዊው ጋዜጠኛ ጀማል ካሾጊ በተገደለ በስድስት ሳምንቱ አሜሪካ 17 ሳዑዲዎች ላይ እንዲህ ያለ ማዕቀብ ጥላለች። ሁለተኛው አገር ላይ የሚጣለው ነው። ኢትዮጵያ ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ዕቃ መላክ ከሚያስችለው ዕድል፣ ስትወጣ ምክንያቱ የሰሜኑ ጦርነት የመብት ጥሰት ነው ተባለ። ዱላው ያረፈው ግን ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ በሚሰፉ ሴቶች ላይ ነው። ጦርነቱን ያዘዘች አንዲትም ልብስ ሰፊ የለችም። ጥፋተኛን በስም የሚለይ ቅጣት እያለ ይህን መምረጥ ልክ ነው ብዬ ማንንም ላሳምን አልችልም።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ዲሴምበር 2021 ላይ የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመውን የሚመረምር የባለሙያዎች ኮሚሽን አቋቋመ፤ 21 ድጋፍ፣ 15 ተቃውሞ፣ 11 ድምፀ ተዓቅቦ። ሐሳቡን ያቀረበው የአውሮፓ ኅብረት ነበር። መንግሥት ከመጀመሪያው ተቃወመው። በ2022 በ21 ለ19 ለጥቂት ታደሰ። ኦክቶበር 2023 ላይ ግን እንዲታደስ የሚጠይቅ ረቂቅ ያቀረበ አገር ጠፋና ኮሚሽኑ አከተመ። በዚያው ሳምንት፣ ኦክቶበር 3፣ የኅብረቱ ኮሚሽነር አዲስ አበባ ላይ የ650 ሚሊዮን ዩሮ የልማት ስምምነት ፈረሙ። ኮሚሽኑን የደገፋችሁም የተቃወማችሁም ትኖራላችሁ፤ ያ ሌላ ክርክር ነው። ግን አንድ ተቋም ሁለት ዓመት ሙሉ «ፍትሕ» ሲል ቆይቶ አንድ ቀን በድንገት ዝም ሲል፣ በዚያ ሰሞን ምን ምን ወረቀት እንደተፈረመ ማየት ተገቢ ነው። ካናዳም ብትሆን ትዊቱን ስትጽፍ ለሳዑዲ በቢሊዮን ዶላሮች የሚቆጠር የብረት ለበስ ተሽከርካሪ ውል ነበራት። በጠቡ ጊዜም ውሉ አልተሰረዘም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስመለስ፣ ካናዳ መናገሯ ጎዳ ወይስ ጠቀመ? ሳማር በ2021 ወጣች፣ ራይፍ አሥር ዓመቱን ጨርሶ ማርች 2022 ላይ ወጣ፣ ከወጣም በኋላ የጉዞ ዕግድ አለበት። ትዊቷ አላስፈታቻቸውም። ኦታዋ ብቻዋን መቅረቷ ግን ከትዊቷ ይልቅ ይቆጨኛል፤ ዋሽንግተን እንኳ «እርስ በርሳችሁ ጨርሱት» ብላ ዳር ቆመች። ብቻውን የሚናገር አገር በቀላሉ ይቀጣል። ሠላሳ አገር አንድ ላይ ሲናገር የሠላሳውንም አምባሳደር ማባረር አይቻልም፤ የጋራ መግለጫ የሚባለው ነገር ጥቅሙ ይህ ነው።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆናችሁ የታሰረ ወገን ያላችሁ፣ ይህ ሁሉ ለእናንተ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። በዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው ስም አንድ ሰው አዘጋጅቶ ያቀረበው ስም ነው። የምትኖሩበትን አካባቢ የሚወክለውን የምክር ቤት አባል ቢሮ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከዚያ የሚወጣ ጥያቄ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ መልስ ይጠበቅበታል። ስሜት የሞላበት ረጅም ደብዳቤ ሳይሆን አንድ ገጽ ይበቃል፦ ሙሉ ስም ከነአያት፣ የትውልድ ዘመን፣ የተያዘበት ቀንና ቦታ፣ አሁን ያለበት ጣቢያ ወይም ማረሚያ ቤት፣ የክስ መዝገብ ቁጥር ካለ፣ የጤናው ሁኔታ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ። አዲስ ነገር በተፈጠረ ቁጥር ያንኑ ገጽ አድሳችሁ ላኩ። ከመላካችሁ በፊት ግን አገር ቤት ያለውን ቤተሰብ ጠይቁ። ስሙ በጓዳ ብቻ ይነሳ ወይስ በአደባባይም ይጠራ የሚለውን የሚወስኑት እነርሱ ናቸው፣ ስንቅ ይዘው በየቀኑ ያን በር የሚያንኳኩት እነርሱ ስለሆኑ።